የአርመን ማርያም ወይን

የአርመን ማርያም ምእመን አንድ ናቸው፤ እሳቸውም እማማ ሶሲ ናቸው። ዘማሪዋም፣ ቁልፍ ያዧም፣ ጠራጊዋም፣ ለበዓሏ እንግዳ ተቀባይዋም እሳቸው ናቸው። እሑድ ጠዋት ብቻቸውን ይገባሉ፣ ብቻቸውን ይዘምራሉ፣ ብቻቸውን ይወጡና በሩን ሳይዘጉ ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ምን እንደሚጠብቁ አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ ሕዝቡ ወጥቶ እስኪያልቅ ነው አሉኝ፤ ሰው ላይ ቢዘጉበት ነውር ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ አዳማ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም አትርቅም። ከአንድ ደህና ሳሎን አትበልጥም። እኔ ኑኃሚን እባላለሁ፤ የግቢዋን ግንብ ተደግፋ የቆመችው ሰማያዊ ኮንቴይነር የእኔ ጸጉር ቤት ናት። ጴንጤ ነኝ። ይህን ከአሁኑ የምናገረው በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጥላ ይዤ ስታገኙኝ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።

የእማማ ሶሲ አባት ሙሴ አርታሽ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። በዚያን ዘመን፣ አዳማ ናዝሬት ስትባል፣ ጥቂት የአርመን ቤተሰቦች ይኖሩባት ነበር። ጫማ ሰፊ አለ፣ መካኒክ አለ፣ ዘይት ጨማቂ አለ። ተሰባሰቡና ይህችን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ድንጋዩን ከቆቃ በኩል ያመላለሰው የሙሴ አርታሽ የእህል መኪና ነበር፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ቅዱስ ሥራ ላይ ሆነውም ዱቄት በዱቄት ነበሩ ይላሉ እማማ ሶሲ። ሕንፃው ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ጎደለ፤ ቄስ የለም። ቄሱ ከአዲስ አበባ በባቡር እየመጡ፣ ቀድሰው፣ ምሳቸውን በልተው፣ በማታው ባቡር ይመለሱ ጀመር። ባቡሩ ሲዘገይ ቅዳሴውም ይዘገያል። ባቡሩ ቶሎ ከተነሣ ደግሞ ስብከቱ ያጥራል፤ ይህኛውን ሕዝቡ ይወደው ነበር አሉ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ወፍጮው ተወረሰ። ዘይት ጨማቂው ቤሩት፣ ጫማ ሰፊው ካናዳ፣ መካኒኩ የት እንደሆነ ሳይናገር ሄደ። ሙሴ አርታሽ እዚሁ አረፉ። ባቡሩም ቆመ፤ ባቡሩ ሲቆም ቄሱም ቀሩ። እማማ ሶሲ ያልሄዱት የባቡር ጣቢያ ሠራተኛውን የአቦምሳውን ቀነዓን አግብተው ስለነበር ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ቀነዓም ካረፉ ቆይተዋል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ማንኛችንም ይናገራሉ፤ አርመንኛ የሚያወሩት ግን ከእግዚአብሔር ጋር ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ካልተለማመደው እንዳይረሳው እፈራለሁ ይላሉ።

አሁን ወደ ወይኑ ልምጣ። በቤተ ክርስቲያኗ የግቢ ግንብ ላይ ሙሴ አርታሽ የተከሉት ወይን አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንሰራፍቷል። አንዱ ቅርንጫፉ እንዲያውም ዞሮ ዞሮ ከመሠዊያው በስተጀርባ ባለው መስኮት፣ በተሰበረው መስታወት ሾልኮ መቅደሱ ውስጥ ገብቷል። እማማ ሶሲ እሱን አይነኩትም፤ ቢያንስ አንድ ሌላ ምእመን አለኝ ይላሉ።

በአርመኖቹ ሥርዓት በነሐሴ፣ በእመቤታችን ዕርገት እሑድ፣ አዲሱ ወይን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ቄሱ ይባርኩታል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ይበላል። ከመባረኩ በፊት አንዲት ፍሬ አፍ ውስጥ አትገባም። ቄስ ከቀረ ወዲህ ደግሞ የሚባርክ የለም። ስለዚህ እማማ ሶሲ በዓመት በዓመቱ ወይኑን ይገርዛሉ፣ ያጠጣሉ፣ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፤ አይበሉም። ዘቢብም ያው ወይን ነው ብለው አይነኩም። የለቀሙትን በሳህን እያደረጉ በየቤቱ ያድሉናል። ሰጥተው ዞር አይሉም፤ ፊት ለፊት ቆመው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ አንድ ፍሬ እስክንበላ ይጠብቃሉ። ከዚያ የአባታቸው ወይን እንዴት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ጎምዛዛ ነው። ጎምዛዛ ስላችሁ ሎሚን እንዳታስቡ፤ ሎሚ ቢያንስ አስጠንቅቆ ነው የሚመጣው። ይህ መልኩ ያማረ ጥቁር ወይን ነው። ስትነክሱት አንድ ዓይናችሁ በራሱ ጊዜ ይጨፈናል፣ መንጋጋችሁ ሥር የሆነ ነገር ይኮማተራል፣ የምታውቁት ሰው ስም ሁሉ ይጠፋችኋል። እማማ ሶሲ ግን ቆመዋል። ስለዚህ ሁላችንም ‹‹ይጣፍጣል፣ እማማ›› እንላለን። እኔ ብያለሁ። ባጃጅ ነጂው ገመቹ ከማለት አልፎ በይሉኝታ ድገሙኝ ብሏል፤ ጥርሱ ጠርሶ ምግብ ማኘክ ተስኖት ሰነበተ። የሰፈሩ ቄስ መምሬ ወልደአማኑኤል ሳይቀሩ ብለዋል፤ እሳቸው እንኳን በኋላ ንስሐ ሳይገቡ አይቀሩም። ሰፈራችን በብዙ ነገር አይስማማም፤ በዚህ ውሸት ላይ ግን አንድ ልብ ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቤተ ክርስቲያኗ አትነካም፤ ግንቡ ግን ፈርሶ ወደ ውስጥ ይጠጋል። መስከረም ሲጠባ የእኔ ኮንቴይነር ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ኮንቴይነር እግር ባይኖረውም ይነሣል። ወይኑ አይነሣም።

እማማ ሶሲ ይህን የሰሙ ዕለት ጸጉር ቤቴ ገብተው፣ ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን ከከተተችው ደንበኛዬ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ፣ ‹‹ኑኃሚን፣ ዘንድሮ እበላለሁ›› አሉኝ።

‹‹ምን?››

‹‹የአባቴን ወይን። እዚያው እሱ በሠራው ቤት አስባርኬ። ሳይቆርጡት በፊት።››

ገመቹ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን አላቸው። ትከሉት አሉ፤ ግን እሱ ፍሬ እስኪይዝ እኔ የት ተገኝቼ። ይህን ሲሉ አላዘኑም፤ ያዘንኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ነሐሴ ሌላ ነሐሴ የላቸውም ማለት ነው፤ ለአባታቸው ወይን ማለቴ ነው።

የሚባርክ ቄስ ፍለጋ ወደ መምሬ ወልደአማኑኤል ሄዱ። ሁለቱ የቆየ ክርክር አላቸው። አርመኖቹ ገናን የሚያከብሩት ከእኛዎቹ ኦርቶዶክሶች አንድ ቀን ቀድመው ነው፤ እማማ ሶሲም በየዓመቱ ለመምሬ ደውለው ‹‹ጌታ ተወልዷል፤ እናንተ ነገ ትሰማላችሁ›› ይሏቸዋል። ጥምቀትንም አብረው በዚያው ቀን ስለሚያከብሩት መምሬ ደግሞ፣ በተወለደበት ቀን መጠመቁ ምን አስቸኩሎት ነው፣ ባቡር ሊያመልጠው ነበር ወይ ብለው ይመልሳሉ። አሁንም መምሬ ምክንያት ደረደሩ። ጾም ነው አሉ። ወይን ከመቼ ወዲህ ቅቤ አለው አሏቸው። እመቤታችን ያረገችው በዐሥራ ስድስት ነው፣ እርስዎ በዐሥራ አንድ ምን ያጣድፏታል አሉ። እሷ ራሷ ያላማረረችውን እርስዎ ምን አገባዎት አሏቸው። በመጨረሻ መምሬ አለቃቸውን አስፈቅደው መጡ። ቅዳሴ አልቀድስም፣ ጸሎት አድርሼ ጸበል እረጫለሁ፣ ይበቃዎታል ወይ ብለው ጠየቁ። እማማ ሶሲ መስቀላቸውን ስመው ወጡ።

እዚህ ላይ ነው ሰፈሩ የደነገጠው። እማማ ሶሲ ወይኑን ሊቀምሱት ነው። ሊቀምሱት ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ፊታቸው ቆመን የቀባጠርነው ሊታወቅ ነው። ከዚያም የሚከፋ ነገር አለ፤ ዕድሜ ልካቸውን የጓጉለት የአባታቸው ወይን ሆምጣጤ ሆኖ ሊያገኙት ነው። ጸጉር ቤቴ ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥን። ገመቹ ባቱ ሄዶ ጣፋጭ ወይን ገዝቶ ሊመጣና ሌሊት በክር ቅርንጫፉ ላይ ሊያስር ሐሳብ አቀረበ። አንዷ ደግሞ ጸበሉ ውስጥ ስኳር ብንጨምርስ አለች። በእኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም ብዬ ተቆጣሁ። የኔ ሐሳብ እውነቱን አስቀድሞ መንገር ነበር። ሁሉም ተስማማ። ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም ስልኩን ማየት ጀመረ፤ እኔም ጭምር።

እማማ ሶሲ በዚያው ሰሞን አቦምሳ ሄዱ፤ የቀነዓን ዘመዶች ለበዓሉ ሊጠሩ። ቅዳሜ እመለሳለሁ፣ ወይኑንም ቅዳሜ ማታ በእጄ እለቅመዋለሁ ብለው ለእኔ አደራ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ አደራ የሚባል ነገር ከነወይኑ ግንብ ላይ ተሰቅሎ ሲያድር ማን ይነካዋል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማንም እንደማይነካው ከራሴ ጥርስ አውቅ ነበራ።

ያላሰብኩት ጎረቤታችንን እትዬ ዘውድነሽን ነው። እትዬ ዘውድነሽ ለቤተ ክርስቲያን የተፈጠሩ ሴት ናቸው። ፍልሰታን ሙሉ ደብራቸው ውስጥ ሱባኤ ይይዛሉ፣ ቤታቸው ብቅ የሚሉት ለአፍታ ነው፤ ስለዚህ የእኛን ስብሰባ አልሰሙም። የሰሙት ከመምሬ ነው፤ እሑድ በአርመን ማርያም ወይን ይባረካል ብለዋቸው። በእትዬ ዘውድነሽ ዓለም ደግሞ ወይን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ደርቆ፣ ዘቢብ ሆኖ። ዘቢቡ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ለቁርባን ይቀርባል። እርጥብ ወይን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሰምተውም አያውቁ። ምስኪን ሶሲ ብቻቸውን እንዴት ያደርቁታል ብለው አዘኑ። ከጸሎት በተመለሱበት ሰዓት፣ እኔ አንዲት ጴንጤ ሙሽራ ይዤ ቀና ማለት ባቃተኝ ቀን፣ ግንቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለቀሙት። መሰላል የያዘላቸው ገመቹ ነው። ስብሰባችን ያወጣው አዲስ ዘዴ መስሎት፣ ምስጢር እንዳያወጣ ብሎ አንድ ቃል አልተናገረም።

ቅዳሜ ከሰዓት እማማ ሶሲ በገመቹ ባጃጅ ከመናኸሪያ መጡ። የቀነዓ ዘመዶች ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው አንመጣም ብለዋቸዋል። ‹‹እንግዲህ ሕዝቡ እናንተው ናችሁ›› እያሉ ወረዱና ቀና አሉ። ግንቡ ላይ ቅጠል ብቻ ነበር።

ቀረብ ብለው ግንቡን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ማን በላው አሉ።

ገመቹ አፉ አመለጠው፤ ‹‹ማን ይበላዋል፣ እማማ!››

ደግነቱ የሰሙት አልመሰለኝም። ወዲያው እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ደስ እያላቸው መጡ። ለእርስዎ ብዬ ቆርቆሮዬ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ እየሸፈንኩ፣ ትንሽ ቀን ቢያገኝ ጥሩ ዘቢብ ይወጣዋል አሉ። የእማማ ሶሲን ፊት ሲያዩ ግን ምን እንዳደረጉ ገባቸው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በእጄ የነበረውን የጸጉር መጠቅለያ የቢጎዲን ዕቃ ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። በራሴም በጣም ተናደድኩ፤ አደራው የእኔ ነበርና።

እማማ ሶሲ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። መምሬ ነገ ይምጡ፣ ያለውን ይባርኩልኝ አሉና ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ማታ ማታ የሚዘምሩትን ያን ምሽት አልዘመሩም።

እሑድ ጠዋት ዘመዶቻቸው ቀሩ ሲባል የሰማ ሰው ሁሉ መጣ። ኦርቶዶክስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ባዶ እጁን አይሄድም። አንዱ ጧፍ ይዟል፣ አንዷ ከሱቅ የገዛችውን ዘቢብ ይዛለች፣ የሚበዛው ግን ጥላ ይዟል፤ የስለት ጥላ፣ ቬልቬት፣ ዘርፉ የሚያብለጨልጭ። አንዲት ክፍል ቤተ ክርስቲያን፣ አንዲት ምእመን፣ የጥላ ክምር። እማማ ሶሲ ይህ ሁሉ ሰው ጣሪያዬ እንደሚያፈስ ማን ነገረው ብለው ሲጠይቁ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ተሰማ። በር ላይ ቆሜ ልመለከት ነበር ሐሳቤ፤ ገመቹ አንዱን ጥላ እጄ ላይ ጭኖ ሄደ። የት ላስቀምጠው? ያዝኩት።

መምሬ ደብራቸው ቀድሰው፣ ካባቸውን ደርበው መጡ። እትዬ ዘውድነሽ ወይኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው መሬት መሬት እያዩ አቀረቡ። ወይንም አይደለም ዘቢብም አይደለም፤ ፀሐይ ጀምሮ የተወው፣ የተጨማተረ ነገር። በመጀመሪያ እማማ ሶሲ ብቻቸውን ዘመሩ። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ መሀል ላይ ይቆረጣል፣ ትንፋሽ ወስደው ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ መምሬ በግእዝ ጸለዩ፣ ጸበሉን ረጩ፣ ሕዝቡ አሜን አለ። የእኔ አሜን ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ፤ እኛ ቤት አሜን ላይ አንሰስትም።

እማማ ሶሲ አንዷን አንሥተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ሁላችንም ፊታቸውን አየን። ዓይናቸው አልተጨፈነም። ቀስ ብለው አኘኩ፣ ዋጡ፣ ሌላ ደገሙ። ከዚያ እንባቸው መጣ።

‹‹ይሄ የአባቴ ወይን አይደለም›› አሉ።

እትዬ ዘውድነሽ በማርያም ማሉ፤ ከግንቡ ለቅሜ በቆርቆሮዬ ላይ ያሰጣሁት ነው፣ ሌላ አልጨመርኩበትም አሉ። ከሳህኑ አንድ ቀመስኩ። እውነትም ጣፋጭ ነው። ያ ሁሉ ዓመት የታገለንን ጉምዛዜ የአዳማ ፀሐይ በጥቂት ቀን መጥጦታል።

‹‹ይጣፍጣል›› አሉ እማማ ሶሲ። ‹‹የአባቴ ወይን አይጣፍጥም፤ ይጎመዝዛል። ልጅ ሆኜ በልቼዋለሁ። አባቴ ራሱ አንድ ዓይኑን ሳይጨፍን በልቶት አያውቅም።››

መምሬ ወልደአማኑኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገመቹ ከአንዱ ጥላ ኋላ ተደበቀ።

‹‹ያውቁ ነበር?›› አልኳቸው። ‹‹ታዲያ ለምን ይሰጡን ነበር?››

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ‹‹መጀመሪያ ሰሞን አንዳችሁ እውነቱን ትነግሩኛላችሁ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልነገረኝም። ከዚያ ገባኝ። ያን ጉድ አፉ ውስጥ ይዞ፣ እኔ እንዳልከፋ ብሎ ይጣፍጣል የሚለኝ ሰው ካለ፣ ወገኖቼ ሁሉ አልሄዱም ማለት ነው አልኩ። በየዓመቱ እሱን ለማየት ነበር የምመጣው።››

እኔ ለእሳቸው ስል የዋሸሁ መስሎኝ ስንት ጊዜ በልቤ ራሴን አመስግኛለሁ። አለቀስኩ፤ የተኳልኩት ኩል ሁሉ ጥላው ላይ ወረደ።

በዚህ መሀል እትዬ ዘውድነሽ ከነጠላቸው ውስጥ ቀና ብለው የሆነ ነገር ለመምሬ ሹክ አሉ። ከመሠዊያው በስተጀርባ፣ በተሰበረው መስኮት የገባችውን ቅርንጫፍ አልነኩም ነበር። መሰላሉ ይደርስ ነበር፤ ነገር ግን የሴት እጅ መቅደስ ውስጥ አይገባም ብለው በመስኮቱ እጃቸውን ሳይሰድዱ ተዉት። መምሬ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሲወጡ በመዳፋቸው ላይ አንድ ትንሽ ዘለላ ነበር፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ አቧራ የጠጣ። በካባቸው ጫፍ ጠረጉት፣ በመስቀላቸው ባረኩት፣ ጸበሉን ረጩት፤ እንዲህ ተጠንቅቀው ሲባርኩ አይቼያቸው አላውቅም።

‹‹እንኳን አደረሰዎት፣ ወይዘሮ ሶሲ›› አሉና በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

እማማ ሶሲ አንዷን ፍሬ ቆረጡ። ነከሷት። የቀኝ ዓይናቸው ተጨፈነ፣ መንጋጋቸው ተኮማተረ፣ ትከሻቸው እስከ ጆሯቸው ወጣ። በአንድ ዓይናቸው እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አዩን።

‹‹ይጣፍጣል›› አሉን።